ወርቃማው ዓሣ ቤት ሲለውጥ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በኮሎምበስ ኦሃዮ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሐበሻ በማይጠፋበት በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ መካከል፣ አንድ ልጅ በውሃና በአየር የተነፋ ፌስታል በሁለት እጁ አቅፎ የአፓርታማውን ደረጃ ይወጣል። ወሩ ጥር ነው፤ መኪና ማቆሚያው በረዶ ለብሷል። እናቱ መኪናውን አስቀድማ አሙቃ፣ ፌስታሉን በፎጣ ጠቅልላ ነው ከሱቅ ያመጡት። ውስጡ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ አለ።

ገንዳው ሳሎን ውስጥ ተዘጋጅቷል። ጠጠሩ ታጥቧል፣ ማጣሪያው ይንጎራጎራል፣ መብራቱ በርቷል። ዓሣው ሲለቀቅ ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረው ዓሣ አሁን ወደ ታች ይወርድና ከማጣሪያው ሥር ጥግ ይይዛል። ክንፎቹን ከገላው ጋር ያጣብቃል። ምግብ ቢጣልለትም ዞር ብሎ አያይም። ሲመሽ ልጁ «አሞታል?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። እናት ነገ ይለምዳል ትላለች፤ ነገም እዚያው ነው።

ይህ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። በኮሎምበስ ብዙ የአፓርታማ ውሎች ውሻና ድመትን ይከለክላሉ ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ትንሽ የዓሣ ገንዳ ግን እምብዛም ጥያቄ አያስነሣም። እንስሳ ግዙልን እያሉ የሚወተውቱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች በመጨረሻ የሚስማሙት በወርቃማ ዓሣ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ አይጮህም፣ በብርድ ደጅ ማውጣት አይጠይቅም። ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋው ስለረከሰ ፍጡሩም ተራ ይመስለናል። ያ ጥግ የያዘ ዓሣ ግን አላኮረፈም፣ ብዙ ጊዜም አልታመመም። ውሃውን እየመረመረ፣ ባልንጀራ እየፈለገ ነው።

ከመንጋው የተነጠለ

ሱቅ ውስጥ ዓሣው በደርዘን ከሚቆጠሩ ብጤዎቹ ጋር ነበር የሚዋኘው። ወርቃማ ዓሣ በተፈጥሮው የመንጋ እንስሳ ነው። ጎረቤቱን በዓይኑ ያያል፣ በማሽተት ያውቀዋል፤ በግራና በቀኝ ጎኑ በተዘረጋው የስሜት ሕዋስ መስመር ደግሞ ሌላው ዓሣ ሲዞር የሚፈጠረውን የውሃ ንቅናቄ ይለካል። መንጋው ባንድነት ሲታጠፍ የምናየው ማንም ስላዘዘው ሳይሆን እያንዳንዱ ጎረቤቱን በነዚህ መንገዶች ስለሚከታተል ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብሪታንያ አን ማጉራንና ቶኒ ፒቸር የተባሉ ተመራማሪዎች ወርቃማ ዓሦችንና ሚኖው የሚባሉ ትናንሽ የወንዝ ዓሦችን በትንሽና በትልቅ መንጋ እየከፈሉ፣ የተደበቀ ምግብ እንዲፈልጉ አደረጉ። በትልቁ መንጋ ውስጥ ያለው ዓሣ ምግቡን ቶሎ አገኘ። ከዚህ ይልቅ ለኛ ጉዳይ የሚበጀው ሁለተኛው ውጤት ነው፦ ብዙ ሆነው የተቀመጡት ፍርሃታቸው አነሰ፣ ከመደበቂያቸው ወጥተው ሲበሉ የሚቆዩበት ጊዜም ረዘመ። ጥቂቶቹ ግን ፈሪዎች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዳኝን የሚጠብቁ ዓይኖች ሲበዙ እያንዳንዱ ዓሣ ከጥበቃ የሚተርፈውን ጊዜ ለመብል ያውላል። ብቻውን የሆነ ግን ጥበቃውም መብሉም የራሱ ነው፤ ስለዚህ ጥበቃውን ያስቀድማል።

«ብቻውን የሆነ ዓሣ ጥበቃውም መብሉም የራሱ ነው።»

ሳሎን ውስጥ አዳኝ የለም፤ ዓሣው ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ከመንጋው መለየቱን፣ በመረብ መያዙን፣ ከዚያም ብርሃን በበዛበት ባዶ ቦታ መለቀቁን ነው። በዚህ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ በደሙ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። አለመብላቱም፣ ክንፉን ማጣበቁም፣ መስታወቱን ተጠግቶ ላይና ታች መመላለሱም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። መስታወቱ ላይ የሚያየው የገዛ ምስሉም ቀርቦ የማይደርስበት ሌላ ዓሣ ሊሆንበት ይችላል።

ነባር ዓሦች ወዳሉበት ገንዳ የሚገባው እንግዳ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ነባሮቹ ይጠጉታል፣ ጎኑንና ጅራቱን ያሸቱታል፣ ይከተሉታል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ሊጣሉት ነው ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠብ አይደለም። ወርቃማ ዓሣ እንደ አንዳንድ የሐሩር አገር ዓሦች ድንበር ከልሎ የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም፤ ጤነኞች ከሆኑ በሰዓታት ውስጥ አብረው ሲዋኙ ይታያሉ። እንግዳው መብላት የሚጀምረውም ነባሮቹ ወደ ላይ ወጥተው ሲበሉ አይቶ ነው።

አብሮ መዋኘትና መተዋወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ጋፒ በሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ላይ በ1997 የወጣ ጥናት አንድ ዓሣ የመንጋ ባልንጀሮቹን ለይቶ ለማወቅና እነሱን ለመምረጥ 12 ቀን ያህል እንደሚፈጅበት አሳይቷል። ወርቃማ ዓሣ ጋፒ አይደለም፤ ቢሆንም ልምድ ያላቸው አርቢዎች አዲስ ዓሣ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት አትፍረዱ ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር እየተናገሩ አይደለም።

አንድ ሌላ የማይታይ ነገር አለ። የንብን ጭፈራ ፈትቶ በኋላ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ በ1938 የቆሰለ ሚኖው ከቆዳው ውሃ ውስጥ የሚለቀው ኬሚካል ባልንጀሮቹን እንደሚያስደነግጥ ጽፏል። ወርቃማ ዓሣም ይህ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ካላቸው ወገኖች ነው። እንግዳው በመረብ ሲያዝ ቆዳው ከተላጠ፣ ምንም ያልነካቸው ነባሮቹ ጭምር ወርደው ወለሉ ላይ ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ባለቤቱ አዲሱ ዓሣ ነባሮቹን አስኮረፈ ይላል። እውነቱ ግን ውሃው ውስጥ የሥጋት ሽታ መኖሩ ነው። ለዚህም ነው ጠንቃቃ የሱቅ ሠራተኞች ዓሣውን በመረብ ከማሳደድ ይልቅ በጎድጓዳ ዕቃ ከነውሃው መቅዳት የሚመርጡት።

ባልንጀራ ከመምጣቱ በፊት

እንግዲህ ሁለት ሦስት ዓሣ ባንድ ቀን እንግዛ የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ እኔም ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው፦ ውሃው ሳይደርስ መንጋ አይገባም።

ወርቃማ ዓሣ ከበላው የሚያስወጣውን ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ አድርጎ በስንጥቡ በኩል ውሃው ውስጥ ይለቃል። አሞኒያ መርዝ ነው። በሐይቅና በወንዝ ይቀጥናል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል። የሚታደጉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል፤ ይህ ጉዳቱ በጣም ያነሰ በመሆኑ በየጊዜው ከፊሉን ውሃ በመለወጥ ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ዓሣውና ገንዳው ባንድ ቀን ከተገዙ ዓሣው እነዚህን ሳምንታት የሚያልፈው በገዛ ቆሻሻው ውስጥ ሆኖ ነው።

መፍትሔው የእናቶቻችን ዘዴ ነው። አዲስ ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ፣ አዲስ ገንዳም ከቆየና ጤናማ ከሆነ ገንዳ በተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ ቶሎ ይነሣል። ስፖንጁ ከነርጥበቱ ይምጣ፤ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ። የከተማ የቧንቧ ውሃ በክሎሪን ወይም በክሎራሚን የታከመ ነው፤ ለሰው ጀርም የሚገድለው መድኃኒት እነዚህን ባክቴሪያዎችም ይገድላል፣ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል። ሱቅ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የውሃ ማከሚያ ገንዳ ሲሞላም ሆነ ውሃ ሲለወጥ ሊዘለል የማይገባው ለዚህ ነው።

ኮሎምበስ የምትጠጣው ውሃ ከሦስት ቦታ ይመጣል። የደብሊን ሮድ ጣቢያ ከሲዮቶ ወንዝ፣ የሄፕ ክሪሚን ጣቢያ ከቢግ ዎልነት ክሪክ፣ በደቡብ ያለው የፓርሰንስ አቬኑ ጣቢያ ደግሞ ከጉድጓድ ይቀዳሉ። ሲዮቶ በሰፋፊ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻዎች መካከል አልፎ ነው ከተማው የሚደርሰው። በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ የማዳበሪያውን ናይትሬት ወደ ወንዙ አጥቦ፣ ከተማው ከደብሊን ሮድ ጣቢያ ውሃ የሚያገኙ ነዋሪዎች ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡት አስጠንቅቆ ነበር። ገንዳ ውስጥ በጠብታ የምንመረምረው ናይትሬት ያው ያን ጊዜ ሕፃናትን ያሠጋው ነው። ዓሣ የሚያረባ ልጅ ያለው ቤት ስለሚጠጣው ውሃም ቀድሞ ማወቅ የሚጀምር ይመስለኛል፤ ልጁ የመመርመሪያውን ቱቦ አንሥቶ ቀለሙን ሲያነብ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል።

ስለ ፌስታሉም አንድ ነገር ልጨምር። ተዘግቶ ረዥም መንገድ የመጣ ፌስታል ውስጥ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ በአሲዳማ ውሃ ደግሞ የአሞኒያው መርዝነት ይቀንሳል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲዳማነቱ ይወርዳል፣ አሞኒያውም ይበረታል። በፖስታ የመጣ ዓሣ ከሆነ ፌስታሉን ከፍቶ ለሰዓታት ማቆየት አይገባም። ከሰፈር ሱቅ ለመጣው ግን ፌስታሉን እንደተዘጋ ሩብ ሰዓት ያህል ገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማመጣጠን፣ ከዚያ ዓሣውን ብቻ አውጥቶ የፌስታሉን ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። መብራቱ በዚያ ምሽት ይጥፋ።

የሐበሻ ሳሎን የራሱ ጠባይ አለው። ቅዳሜና እሑድ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። የአየር መንፊያዋ ትንሽ ሞተር የክፍሉን አየር ስባ ነው ውሃው ውስጥ የምትነፋው፤ የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጢስም አብሮ ይገባል። ረከቦቱን ከገንዳው ራቅ ማድረግ ከባድ አይደለም። ድምፅም እንዲሁ ነው። ወርቃማ ዓሣ የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያያይዙ ትናንሽ አጥንቶች ስላሉት ከብዙ ዓሦች የተሻለ ይሰማል። በ2004 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ኃይለኛ ጩኸት የወርቃማ ዓሣን የጭንቀት ሆርሞን ለጊዜው እንደሚያንር፣ መስማቱንም እንደሚቀንስ አሳይቷል። መስታወቱን በጣት የሚቆረቁር ሕፃን ገር ቃል ይበቃዋል።

ሲያሳድደው

ሳምንታት አልፈዋል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓሣ ገብቷል፣ ሁሉም ይበላል። አንድ ቀን ጥዋት አንዱ ሌላውን ከጥግ ጥግ ሲያሳድድ፣ ሆዱን በአፉ ሲገፋ ይታያል። ልጆቹ ይጮኻሉ።

መጀመሪያ የአሳዳጁን ስንጥብ መሸፈኛና የፊት ክንፎቹን ጫፍ መመልከት ነው። ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ካሉ ወንድ ነው፤ የሚያሳድዳትም እንቁላል የያዘች ሴት ልትሆን ትችላለች። ይህ የመራቢያ ጠባይ ነው። ከቤት ውጭ ባሉ ኩሬዎች ውሃው በጸደይ ሲሞቅ ይመጣል፤ ማሞቂያ በማይጠፋበት ቤት ግን ወቅቱን ላይጠብቅ ይችላል። ሁለት ወንዶች አንዲት ሴት ላይ ከተረባረቡ ትደክማለችና ለጥቂት ቀን መለየት ይረዳታል። ነጥቦቹን ያላወቀ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ውሃው ውስጥ ይጨምራል፤ የእንስሳት ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ስህተት ይህ ነው።

የመብል ፉክክር ግን የእውነት ይጎዳል። ገላው ቀጭን የሆነው ኮሜት የሚባለው ዝርያ ፈጣን ዋናተኛ ነው። ሆዳቸው የተነፋ፣ ጅራታቸው እንደ ቀሚስ የሚዘናፈል ፋንቴይልና ኦራንዳ ግን ቀርፋፎች ናቸው። አንድ ላይ ሲቀመጡ ኮሜቱ ምግቡን ጨርሶ ነው እነሱ የሚደርሱት። ባለቤቱ ዓሣዬ አይበላም ይላል፤ ዓሣው ግን አልደረሰውም። ብጤውን ከብጤው ማኖር፣ ምግቡንም በሁለት ቦታ መበተን ያሻል። ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ የለውም፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚስማማው።

የጣና ዘመድ

ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ይህን ዓሣ እንደ ባዕድ ማየት የለበትም። ወርቃማ ዓሣና የጣና ነጭ ዓሦች የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ጥርሳቸው ያለው ከአፋቸው ሳይሆን ከጉሮሯቸው ነው። ጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የዚህ ወገን ዝርያዎች አሉ። ሆላንዳዊው ሌዎ ናገልከርከ በ1997 ባወጣው ጥናቱ በሰፊው ገልጿቸዋል። ከመካከላቸው ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን በልተው የሚኖሩ ናቸው፤ ይህ ጥርስ አልባ አፍ ላለው ቤተሰብ ብርቅ ነው። በክረምት ብዙዎቹ ዝርያዎች በመንጋ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ሲጠብቃቸው መንጋነታቸው መጥፊያቸው ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ሌላ ዘገባ የሚፈልግ ነገር ነው።

«ሦስት ሴኮንድ»

ወርቃማ ዓሣ የሚያስታውሰው ለሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚለው ወሬ በአዲስ አበባም በኮሎምበስም ይሰማል። ሐሰት ነው። ዓሦቹ የተማሩትን ለወራት ሊይዙ እንደሚችሉ በሙከራ ታይቷል። በ2022 በእስራኤል የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጎማ የተገጠመለትን ገንዳ ዓሣው በዋኘበት አቅጣጫ እንዲሄድ አድርገው፣ ወርቃማ ዓሦች በየብስ ላይ ወደ ዒላማ መንዳት እንደሚማሩ አሳዩ። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ 70 ሴንቲ ሜትር ዋኝተው እንዲመለሱ የሠለጠኑ ዓሦች ርቀቱን መገመት ቻሉ።

ለቤት ለውጥ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ዓሣው አዲሱን ገንዳ ያጠናዋል። መደበቂያውን፣ የምግቡን ሰዓት፣ ምግብ የሚያመጣለትን ሰው ይማራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠጠሩንና ቅጠሉን በየቀኑ ማቀያየር የተማረውን እንደ ማፍረስ ነው።

«ዓሣው አዲሱን ገንዳ ያጠናዋል።»

ክብ ብርጭቆ

በፊልምና በሥዕል የምናውቀው ክቡ ብርጭቆ ለዚህ ዓሣ ቤት አይሆንም። በቻይና ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በኩሬ ሲረባ የኖረ፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን የገባ፣ ከዚያም አውሮፓንና አሜሪካን ያዳረሰ የኩሬ ዓሣ ነው። በደንብ ከተያዘ ተራው ዝርያ ከስንዝር ያልፋል፣ ከአሥር ዓመትም በላይ ይኖራል። በእንግሊዝ ቲሽ የተባለው ዓሣ በ1999 ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር። የሮም ከተማ በ2005 ክብ ብርጭቆን በከተማው ደንብ ከልክላለች። የስዊዘርላንድ የ2008 የእንስሳት ደንብ ደግሞ በማኅበር የሚኖሩ እንስሳት ብቻቸውን እንዳይያዙ ያዛል። እዚህ በአሜሪካ ይህን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሚወስነው ገዢው ነው። ልጅ ፌር በሚባለው የመዝናኛ ትርኢት ላይ የፒንግ ፖንግ ኳስ ወርውሮ ያሸነፈውን ዓሣ ይዞ ሲመጣ ቤት ውስጥ ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ ባልንጀራ የለም። በእኔ እምነት ሕይወት ያለው ነገር ሽልማት መሆን የለበትም።

ወደ ወንዙ አይደለም

ዓሣው ያድጋል፣ ቤተሰቡ ወደ ሌላ አፓርታማ ወይም ወደ ሌላ ስቴት ይዛወራል፣ ገንዳው ለመጓጓዝ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ከግቢው ጀርባ ያለው የዝናብ ውሃ ኩሬ ወይም አለም ክሪክ የተባለው ወንዝ ያማልላል። ነፃ እናውጣው የሚለው ሐሳብ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። ወርቃማ ዓሣ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ተክል ይነቅላል፣ የአገሩን ዓሦች ምግብ ይሻማል። የኦሃዮ ክረምትም አይገድለውም። በ2017 የኦስሎና የሊቨርፑል ተመራማሪዎች እንዳብራሩት፣ በበረዶ ሥር ኦክስጅን ሲያልቅ ሰውነቱ የሚያጠራቅመውን አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ እያስወጣ ይቆያል። ከአለም ክሪክ ወደ ቢግ ዎልነት፣ ከዚያ ወደ ሲዮቶ፣ ከዚያ ወደ ኦሃዮ ወንዝ መንገዱ ክፍት ነው። በሰሜን በኩል በኢሪ ሐይቅ ወርቃማ ዓሣ ከተላመደ ቆይቷል። በ2021 በሚኒሶታ የበርንስቪል ከተማ ከሐይቋ የወጡ የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ የሚያክሉ ወርቃማ ዓሦችን ፎቶ አውጥታ ነዋሪዎቿን ተማጽናለች።

ማኖር ያልቻለ ሰው ሌላ መንገድ አለው። አንዳንድ የዓሣ ሱቆች መልሰው ይቀበላሉ። ግቢው ውስጥ የታጠረ ኩሬ ያለው ጎረቤት፣ ሳይንስ የሚያስተምር መምህር፣ ትልቅ ገንዳ ያለው የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ይገኛል። የሚቀበለው ሰው ነባር ዓሦች ካሉት እንግዶቹን ለአንድ ወር ያህል ለብቻ አቆይቶ ጤንነታቸውን ማየት አለበት። ዓሦቹ ሁለት ከሆኑ አንዱን ሰጥቶ አንዱን ማስቀረት አይገባም፤ አብረው ይሂዱ፣ የማጣሪያቸው ስፖንጅም ሳይደርቅ አብሯቸው ይሂድ።